ረጅም ሱሪ በማሴሩ

እኔ የባንክ ሰው ነኝ፣ ሥራዬ መጠየቅ፣
የሰው ነገን ወስዶ በሣጥን ማስጨነቅ፤
«የሚመጣው ዓመት ገቢሽ ስንት ይሆናል?»
እላለሁ፤ ለመልሱ ሁለት ጣት ቦታ አለ፣ እሱም ተሰምሯል።

ማኔኦ ከፊቴ፣ እጅጌዋ ላይ ብናኝ፣
የስፌት መኪና አላት፣ በቁጥር ዘጠኝ፤
ለትልቁ ፋብሪካ ኪስ ትሰፋለታለች፣
ሺህ ኪስ በቀን ሰፍታ በኪሷ አልከበረች።

ገንዘባችን ሎቲ ከራንድ ጋር ተጠምዷል፣
ትልቁ በሬ ሲያስል ወይፈኑ ያነክሳል፤
ፕሪቶሪያ ላይ ወለድ አንድ ጣት ቢጨምር፣
የማኔኦ ዕዳ በክንድ ነው የሚቆጠር።
ውሃችንን ሸጠን መብራት እንገዛለን፤
ክሩ ከሩቅ ምሥራቅ፣ ዚፑ ከጎረቤት፣
ለባሹ አሜሪካ፣ ግብሩ ግን እዚህ ቤት።

ሐሙስ ነው። ባሕር ማዶ አንድ ቁጥር ተጻፈ፣
አርብ ማለዳ ቴትሳኔ በሩ ተቆለፈ።
ማንም አልጠላንም፣ ማንም አላወቀን፤
ዝርዝሩ ውስጥ ነበርን፣ ከስንት አገር ኋላ፣
ስማችን የሰፈረው ሠንጠረዥ እንዲሞላ።
መሸታ ቤት ሁሉ አንድ ነገር አወራ፦
«ማሴሩን ማን አየ? ማነው ይህን የሠራ?»
እኔም ሠንጠረዡን ደጋግሜ ባየው፣
ማሴሩን ያየ የለም፤ ይህ ነው የሚገርመው።

ሚኒስትሩ በራዲዮ ቃል ገቡ፣ ተናገሩ፣
«ትንንሽ ድርጅቶች በብድር ይኑሩ»፤
ቅጹ እኔ ዘንድ መጣ፣ አሥራ አንድ ገጽ ነበር፣
ገጽ ሰባት ላይ ይላል፦ «ዋስትና ይዘርዘር»።
ማኔኦ ጻፈችበት በሰማያዊ ብዕር፦
«አራት ሺህ ሱሪ። ወደ የትም የማይሄድ።»

ፋብሪካው ዕዳውን በሱሪ ከፈላት፣
ገንዘብ የለም ብሎ ጂንስ አሸከማት።
ሄጄ አየሁ። እስከ ጣሪያ ክምር፣
እግሩ ረጅም፣ ረጅም፣ የግንድ ያህል።
ለማናውቀው ቁመት፣ ለማናውቀው ወገብ፣
በሩቅ ሰው ልክ ነበር የኖርነው፣ ስንራብም ስንጠግብ።

ብድሩ ከኮሚቴ ኮሚቴ ሲዘዋወር፣
እሷ መቀስ አነሳች፣ ጀመረች ማሳጠር።
ዲኬሌዲ ትለካለች፤ ከፋብሪካው የወጣች ናት፣
አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ አንድም ለባሽ አላየች።
አሁን የታክሲ ረዳቱን በር ላይ አቁማ፣
መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ በጉንጯ ተናግራ፣
«ቀጥ በል» ትለዋለች፣ «አትጉበጥ፣ እግርህ ይጠፋል»።
እሱ ይስቃል። ቁራጩ መሬት ይወድቃል፤
ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰማያዊ፣
ማታ ተሰብስቦ የተማሪ ቦርሳ ይሆናል።

አተረፈች እንዳልል ሂሳቡን አውቃለሁ፣
ኪራይ፣ ክር፣ መብራት ቀንሼ አይቻለሁ።
ሁለት መኪና ሸጣለች። ሰባት ቀርተዋል።
አንደኛው ሲሰፋ ያቃስታል፣ ዘይት ይፈልጋል፣
ዘይቱም ከድንበር ማዶ ነው፣ እሱም ጨምሯል።

እኔም አንዱን ገዛሁ። ከወገቤ ሰፋ፣
በቀበቶ ይዤው ቢሮ እየገባሁ ነው።
ትናንት ከኋላ ኪሱ ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ፦
«መርማሪ ቁጥር አሥራ አራት። እንከን የለውም።»
ዲኬሌዲን ጠየቅኋት። «እኔ ነበርኩ» አለች፣
ወረቀቱን ግን አልተቀበለችኝም።

የጎደለው አንድ መስመር ነበር በማመልከቻው፣
ሁለት ጣት ቦታ፣ የተሰመረው፣
ስለሚመጣው ዓመት የሚጠይቀው።
ማኔኦ መቀሷን ሳታስቀምጥ፣ በግራ እጇ ጻፈች፦
«ነገን አምጡትና ልለካው።»

አለቃዬ ቅጹን መለሰው፣
«በአሃዝ ይሞላ» ብሎ።